ህንዱን ህንድነት ሳስተምር

በሕይወቴ ማንም የማይክደኝ አንድ ችሎታ አለኝ፤ ህንድ መምህር መሆን እችላለሁ። ደሴ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩን ህንዳዊ መምህር ድምፃቸው፣ አንገታቸውን የሚነቀንቁበት መንገድ፣ ጠመኔ የሚወረውሩበት እጅ፣ ቁጣቸው ሁሉ እኔ ዘንድ አለ። ሠርግ ላይ፣ ልደት ላይ፣ ለቅሶ ቤት እንኳን ሠልስቱ አልፎ ሰው ትንሽ መሳቅ ሲያምረው "እስቲ ህንዱን አምጪልን" እባላለሁ። አመጣለሁ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያለ የእኔ ዘመን ሰው ደሴም ይማር ጅማ፣ ሐረርም ይማር ጎንደር፣ በህንድ መምህር እጅ ያላለፈ ስለሌለ ሁሉም የሚያየው የራሱን መምህር ነው። ሰው ሆዱን ይዞ እንባው እስኪወርድ ሲስቅልኝ ደግሞ ከዚያ የበለጠ የሚያስደስተኝ ነገር የለም። ጉራ ነው ካላችሁም ጉራ ነው።

ኑሮዬ ግን ሌላ ነበር። ቤቴ ሜሪላንድ ሀያትስቪል፣ ሥራዬ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ነው፤ መድኃኒት እያዘጋጀሁ ለሰው አስረክባለሁ። ከባንኮኒው ጀርባ ከፍ ያለች በርጩማ ነበረችኝ። ቀኑን ሙሉ እሷ ላይ ተቀምጬ የሰው ሳል ስሰማ እውላለሁ።

በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺዎቹ ሊገባደዱ ሲሉ ነው፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አንድ ሠርግ ተጠራን። እኛ ጠረጴዛ ላይ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በንጉሡ ጊዜ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የሠሩ፣ ከአብዮቱ በኋላ በሱዳን በኩል የወጡ፣ የተማሩና ኩሩ ሰው ናቸው። ሙሽሮቹ ሲገቡ አዳራሹ በእልልታ ብድግ ሲል እሳቸው ከወንበራቸው ፍንክች አይሉም። ለጠየቃቸው ሰው "ጉልበቴ" ይላሉ። ለእኔ ግን አንድ ቀን እውነቱን ነግረውኛል። "ንጉሡም አስነስተውኛል፣ ደርግም አስነስቶኛል። ከዚህ በኋላ ለማንም አልነሳም" ነው ያሉኝ።

ያን ዕለት እራት ተበልቶ ጨዋታ ሲደራ እንደልማዴ ህንዱን አመጣሁ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ሲጠርጉ ትዝ ይለኛል። ጨርሼ ስቀመጥ ከሙሽራዋ ጓደኞች አንዷ፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጅ፣ ስልኳን ይዛ መጣች።

"አንቲ፣ ሙሉውን ሪከርድ አድርጌዋለሁ። ለቦሴ ባሳያት ማይንድ ታደርጊያለሽ?"

ቦሷ ምን እንደምትሠራ ጠየቅኳት። ለፊልም ተዋናይ የምትመርጥ ሴት ናት አለችኝ። እኔም ልጅቷ ደስ ይበላት ብዬ እሺ አልኩና ወደ ዳንሱ ሄድኩ።

በሳምንቱ መራጯ ራሷ ደወለች። ነገሩ እንዲህ ነው። ለሁለት ዓመት ሊያስተምር ወሎ ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ መጥቶ ዕድሜውን እዚያው ስለፈጀ ህንዳዊ መምህር የተጻፈ ልቦለድ ነበር። ከብዙ አገር ገንዘብ ያዋጡ ሰዎች ወደ ፊልም ሊያዞሩት ነው። ህንዱም ሐበሻውም በአንድ ላይ የሚገኘው እኛ ሰፈር ስለሆነ መራጯ ሲልቨር ስፕሪንግ መጥታ ኦዲሽን ከፍታለች። እኔ ለአማርኛው የፈለገችኝ መስሎኝ ነበር። "የለም፣ የምፈልግሽ ተዋንያኑን እንደ ህንድ መምህር መናገር እንድታስተምሪልኝ ነው" አለችኝ።

"ህንዶቹን?"

"ህንዶቹን።"

ስልኩን አፌ ላይ እንደያዝኩ ሳቄ አመለጠኝ። እሷ ግን ቀልድ አልያዘችም። እዚህ የተወለዱት ልጆች የሚናገሩት እንደ ቴሌቪዥን ዜና አንባቢ ነው፤ ከህንድ የመጡትም እያንዳንዳቸው የየአገራቸው አነጋገር አላቸው። መጽሐፉ ውስጥ እንዳለው ሰው የሚናገር አላገኘችም፤ ከእኔ ቪዲዮ በስተቀር።

እንዲህ ሆኖ አንዲት የደሴ ሴት የቤተ መጻሕፍት መሰብሰቢያ ክፍል ውስጥ ቆማ ህንዶችን ህንድነት ታስተምር ጀመር። የመጀመሪያው ቀን አንዲት ከቨርጂኒያ የመጣች ልጅ እጇን አውጥታ "አባቴ እንዲህ ሲናገር ዕድሜዬን ሙሉ ሳፍር ኖሬ አሁን እሱኑ ለፊልም ብዬ ላጠናው ነው?" አለችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። አልተቀየምኳትም። የእኔም ልጅ አማርኛዬን በእንግሊዝኛ ነው የሚመልስልኝ። የቀሩት ግን እየሳቁ፣ ምላሳቸውን ወደ ላንቃቸው እያጠፉ፣ ከእኔ አፍ እየተቀበሉ ተለማመዱ። እኔም መቼም አላፈርኩም። "አይደለም! እንዲህ ነው!" እያልኩ ጠረጴዛ ስደበድብ ለተመለከተኝ መምህራችን ተነስተው የመጡ ነበር የሚመስለው።

በመጨረሻ ሁለት ሰዎች ቀሩ። አንደኛው ከለንደን ያስመጡት፣ ቁመናው ያማረ፣ ፊቱን በቴሌቪዥን የምታውቁት ዓይነት ተዋናይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ኩራተኛ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ግን ጨዋ ልጅ ነው። ትምህርት ደግሞ እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው። አንዴ ያሳየሁትን ሁለተኛ አላሳየውም። ገንዘቡን የሚያወጡት ሰዎች እሱን እንደሚፈልጉ መራጯም ሠርጉ ላይ የቀረጸችኝ ልጅም አልደበቁኝም፤ ስሙ ቲኬት ይሸጣል።

ሁለተኛው ሎረል የሚኖር፣ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ከደቡብ ህንድ ከኬረላ የመጣ ሰው ነው። ሚስቱ ነርስ ናት፣ እሱ ኢንሹራንስ ቢሮ ይሠራል። አገሩ ሳለ የታወቀ የመድረክ ተዋናይ ነበር። እዚህ ከመጣ በኋላ የማኅበራቸው በዓል ሲሆን በቋንቋው ይጫወታል። በእንግሊዝኛ ኦዲሽን በሄደ ቁጥር የሚሰጡት ባለሱቅ፣ ባለታክሲ፣ ወይም "ውጤትሽ መጥቷል" ብሎ የሚወጣ ሐኪም ነው። መራጯ ለዚህ ሰው ምን አለችው መሰላችሁ? ደረቅ ነህ፣ በቂ ህንድ አይደለህም፣ ሄደህ ከእሷ ተማር። እዚያው ኬረላ ተወልዶ ያደገውን ሰው!

እሱም መጣና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። እኔም ምን ይዤ እንደማስተምረው ግራ እየገባኝ የለመድኩትን አመጣሁለት፤ ዝም በሉ የሚለውን ጩኸት፣ ጠመኔ ውርወራውን፣ የተሳሳተ ተማሪ ሲያዩ የሚያወጡትን ድምፅ፣ ሁሉንም። ሰው ሁሉ በሳቅ የሚሞትበት ቦታ ላይ ስደርስ እሱ ፈገግ እንኳን አላለም። አጎንብሶ ያዳምጣል።

"ሲስተር፣ መምህርሽ ከእኛ አገር ናቸው። በደንብ ይዘሻቸዋል" አለኝ ስጨርስ። "ግን የያዝሽው ሲቆጡ ብቻ ነው። ሳይቆጡ እንዴት ነበሩ?"

ደሜ ፈላ። በዚህ ቀልድ ስንት አዳራሽ ያፈረስኩ ሴት እኮ ነኝ! "ሳይቆጡ ዝም ነው የሚሉት፤ ዝምታ ደግሞ አይቀለድም" አልኩት። እሱ ግን አልለቀቀኝም። ምን ይለብሱ ነበር? ሰሌዳውን ማን ያጠፋላቸው ነበር? ምሳቸውን የት ይበሉ ነበር? እየተነጫነጭኩ ስመልስለት፣ ሠላሳ ምናምን ዓመት ያላሰብኩት ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ይመጣልኝ ጀመር። ጃንጥላቸው በበጋም በክረምትም ከክንዳቸው አይለይም። የጠመኔ ሳጥናቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ነው የሚሄዱት። ሰሌዳውን ለተማሪ አያስጠፉም፣ ራሳቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያጠፉና የኮታቸውን እጅጌ ያራግፋሉ። ምሳቸውን ብቻቸውን አጥሩ ሥር ቆመው ነበር የሚበሉት። ብቻቸውን መብላታቸውን ያኔ አይቼው ነበር እንጂ አላሰብኩትም ነበር።

ከልምምድ በኋላ መንገዱን ትንሽ ጠምዘዝ አድርጎ ሀያትስቪል ያደርሰኝ ነበር። አንድ ቀን መኪናው ውስጥ ሁሉን ነገረኝ። መሥሪያ ቤቱ የማታና የቅዳሜ ፈረቃ ኃላፊ ሊያደርገው ጠይቆታል። ሥራውን ከያዘ ልምምድም መድረክም ይቀራል። ሚስቱ ብዙ ዓመት ታግሣለች፤ ይሄ የመጨረሻው ኦዲሽን እንዲሆን ቃል ገብቶላታል። ካልሆነ ሥራውን ይቀበላል፣ ከአገሩ ይዞት የመጣውን የመድረክ ልብስ ሳጥን ለማኅበሩ ወጣቶች ይሰጣል። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ አልተሰበረም፣ ስለ አየር ሁኔታ የሚያወራ ይመስል ነበር። አንጀቴን በላው። ከመኪናው ስወርድ በሩን ከሚገባው በላይ ወርውሬ ዘጋሁት።

ለመጨረሻው ኦዲሽን መራጯ አንድ ሐሳብ አመጣች። በህንድ መምህር እጅ ያለፉ ኢትዮጵያውያን ሰብስቢልኝ፣ ተማሪ ሆነው ይቀመጡ፣ ተዋንያኑን በሚያውቋቸው ሰዎች ፊት ልያቸው አለች። ስልኬን አነሳሁና ያልደወልኩለት ሰው የለም። ቅዳሜ ጠዋት ሲልቨር ስፕሪንግ የተከራየችው አዳራሽ ሞላ። ሁሉም ለበዓል እንደሚለበሰው ለብሶ መጥቷል። ጋሼ ከአሌክሳንድሪያ በሙሉ ልብስ ከነከረባታቸው መጡ። ከላንግሊ ፓርክ የወሎዋ እትዬ አዲስ ሻሻቸውን አስረው ሳምቡሳ በትልቅ ሰሃን ይዘው መጡ። ደሴ እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ከእኔ ቀደም ብለው የተማሩ፣ አሁን የሥጋ ቤት ባለቤት የሆኑ ሴት ናቸው።

አዳራሹ ክፍል መስሏል፤ ዴስክ፣ ጥቁር ሰሌዳ፣ ፊት ለፊት በር። ካሜራው ከተማሪዎቹ ጀርባ ነው፣ በሩን የሚያየው በራሳቸው ላይ አሻግሮ ነው። መራጯ የተናገረችውን በአማርኛ ጮክ ብዬ አስታወቅኩ። "ሳቁ፣ ተንጫጩ፣ እንደፈለጋችሁ ሁኑ። መነሳት ግን የለም! ማንም ከተነሳ ካሜራው ይጋረዳል፤ መነሳት የለም።"

"ይሄ ለእኔ ነው እንዴ የሚነገረው?" አሉ ጋሼ። "እኔንማ ተነሳ ብላችሁ ብትለምኑኝም አልነሳ።" አዳራሹ ሳቀ።

መጀመሪያ የለንደኑ ገባ። በሩን በርግዶ፣ ኮቱን እያውለበለበ ዘሎ ገባና የጠመኔ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ያንን የእኔን ጩኸት ለቀቀው። የእኔን! አንገቱ፣ እጁ፣ ምላሱ፣ አንድ ነገር አልጎደለም። አዳራሹ ሳቅ በሳቅ ሆነ። እትዬ ሻሻቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ፣ ጋሼ ዴስኩን በቡጢ ደበደቡ፣ ካሜራ የያዘው ልጅ ራሱ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲያበቃ ጭብጨባው አልቆም አለ። መራጯ መጥታ ክንዴን ጨምቃ "ይሄ የአንቺ ሥራ ነው" አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ውሸት አልናገርም፣ በጣም ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ኮሪደር ላይ የቆመው ሰው ትዝ አለኝ።

ወጣሁ። የኬረላው ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሳቁን በበሩ በኩል ሰምቶታል።

"ጎበዝ ልጅ ነው" አለኝ።

"ላንተም ይስቁልሃል።"

"እኔ የሚያስቅ ነገር አልያዝኩም።"

"ታዲያ ምን ይዘህ ነው የምትገባው? የመጨረሻዬ ነው አላልከኝም?" ብዬ ጮህኩበት። እሱ የጠመኔ ሳጥኑን ብብቱ ሥር ሸጎጠ፣ ጃንጥላውን ክንዱ ላይ አንጠለጠለ። ውሃ ሊጠጡ የወጡት እትዬ በአጠገባችን ሲያልፉ አዩትና "አብሽር በይው፣ ፊቱ ደግ ነው" አሉኝ። ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ገብቼ ከካሜራው ኋላ፣ ሳምቡሳው ካለበት ጠረጴዛ አጠገብ ቆምኩ። መራጯ ጀምሩ አለች። ሰዉ ገና ከለንደኑ ሳቅ አልበረደም፤ ይንሾካሾካል፣ ይገፋፋል።

በሩ ተከፈተ። እሱ ግን አልገባም። ደፉ ላይ ቆመ። ጃንጥላው ክንዱ ላይ፣ ሳጥኑ ብብቱ ሥር፣ ዓይኑ መሬት ላይ። አልተቆጣም፣ አላየንም፣ አልቸኮለም። ዝም ብሎ ቆመ።

ሹክሹክታው ጠፋ። ከዚያ አንድ ወንበር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። የተነሱት ጋሼ ናቸው። በዓይኔ እያየሁ ነው የምነግራችሁ፣ ለሙሽራ የማይነሱት ጋሼ እጃቸውን በጎናቸው አድርገው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከእሳቸው ኋላ አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። ካሜራው ኮትና ነጠላ ብቻ እያየ ቀረ።

"ከት! ካሜራ ይቁም!" ብላ ጮኸች መራጯ።

እኔም መሃላቸው ገባሁ። "ምን ሆናችኋል? መነሳት የለም አልተባለም ወይ? የሰው እንጀራ ልትዘጉ ነው እንዴ?"

"እኔ አልተነሳሁም" አሉ ጋሼ፣ ቆመው።

"ጋሼ፣ ቆመዋል እኮ!"

ወደ እግራቸው ተመለከቱ። እትዬ ደግሞ "ወላሂ ሳላውቀው ነው ልጄ፣ ሁለተኛ አይለመደኝም" አሉ። መራጯ ሰዓቷን አየች። አንዴ ብቻ እንድገመው፣ ከዚያ በኋላ ጊዜ የለኝም አለችኝ። ተርጉሜ ነገርኳቸው፤ ተቆጥቼ፣ ለምኜም ነገርኳቸው። ሁሉም ማሉ። ጋሼ በሁለት እጃቸው ዴስኩን ጨምድደው ያዙ።

በሩ እንደገና ተከፈተ። እሱም እንደገና ደፉ ላይ ቆመ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ። ማንም አልተነሳም። እሱም አልገባም። ካሜራ የያዘው ልጅ ቀና ብሎ መራጯን አየ። እኔ በልቤ "ግባ፣ አንተ ሰው፣ በፈጠረህ ግባ!" እላለሁ። የጋሼ አንገት ከኋላ ሲታይ ቀልቷል። ደም ስራቸው ተገታትሯል።

"ኧረ እኔስ አልቻልሁም!" አሉ እትዬ። "መምህሩ በር ላይ ቆመው!" ብድግ አሉ። ሌላው ይህን ብቻ ይጠብቅ የነበረ ይመስል ተከተላቸው። ጋሼ ዴስኩን ለቀው በመጨረሻ ተነሱ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ "ከት" የሚለውን ጠበቅኩ።

አልመጣም። ዓይኔን ስገልጥ መራጯ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። እሱ ቀና አለ፣ ከዳር እስከ ዳር አየን፣ ገባ። ጃንጥላውን ጥግ አስደገፈ። ከዚያ ጽሑፉ ላይ የሌለውን ቃል፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ሳይቆጣ ተናገረ።

"ሲት ዳውን።"

ሁሉም ተቀመጡ። ያ የጀርባ ግድግዳ ሲወርድ፣ በስተኋላው የእሱ ፊት ብቅ አለ። ካሜራው የፈለገው ሁሉ ፊት ለፊቱ መጣለት። ድምፁ የመምህሬ ድምፅ ነበር፤ ሲቆጡ ሳይሆን ሌላውን ጊዜ፣ ሌላውን ቀን ሁሉ ያናግሩን የነበረበት ድምፅ። ለካስ እሱንም አውቀው ነበር። አንድ ሰው ብቻ እንደቆመ መቅረቱን ያወቅኩት እሱ በሰዉ ራስ ላይ አሻግሮ ወደ እኔ ሲመለከት ነው። መቼ እንደተገተርኩ ባላውቅም እጄን በጎኔ አድርጌ ቀጥ ብዬ ቆሜአለሁ። እሱ ጠበቀኝ። ቁጭ አልኩ። ከኋላዬ ወንበር እንዳልነበረ የገባኝ መሬቱ ላይ ከተዘረፈጥኩ በኋላ ነው፤ ማንም አልሳቀም።

ትዕይንቱ ሲያልቅ መራጯ ለለንደኑ ለምን እንዳልተነሱ ጠየቀች። ጋሼ "እሱ መች ጠበቀን? ዘሎ ነው የገባው" አሉ። ወደ ኬረላው ሰው ዞራ እንዲህ መግባትን ማን አስተማረህ አለችው። በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ።

"እኔ አይደለሁም!" አልኩ። የሰው ነገር አልወስድም። "ይሄ ከእኔ የለም።"

ያኔ ተናገረ። እሱ በተማረበት ትምህርት ቤት ልጆች ሳይነሱ የሚገባ መምህር አልነበረም። "ሌላ አገባብ መኖሩን አላውቅም" አለ። እንደዚያ ሲል ሐፍረት ቢጤ ፊቱ ላይ ነበር።

ያን ዕለት ያለቀ መስሎን ሳምቡሳውን በጭብጨባ በላን። ግን አላለቀም። መራጯ ቴፑን ገንዘብ ለሚያወጡት ሰዎች መላክ ነበረባት፤ እነሱ ደግሞ የለንደኑን ስም ይወዳሉ። ሳምንት ሄደ፣ ሌላ ሳምንት መጣ። የኢንሹራንስ ቢሮው እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋል። ልጅቷን በስልክ ስጨቀጭቃት "አንቲ፣ ኦነስትሊ፣ እኔም አላውቅም፣ ስትሬስ አታድርጊኝ" ትለኛለች። ለእሱ መደወል ፈራሁ። ምን ብዬ? በዚያ መሃል አንድ ልደት ላይ "ህንዱን አምጪልን" ሲሉኝ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ አልኩ። ሰዉ ታመምሽ ወይ አለኝ።

ዛሬ ግን ሲሉኝ አመጣለሁ፣ እንዲያውም ከድሮው አሳምሬ። ልዩነቱ አሁን ከበሩ ነው የምጀምረው።

ያ ወር ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፋርማሲው ጢም ብሎ ነበር። ጉንፋን የገባበት ሰሞን ነው። ወረፋው እስከ ሻምፑው መደርደሪያ ደርሷል። እኔ በርጩማዬ ላይ ሆኜ ለአንዲት አሮጊት ክኒኑን ከምግብ በፊት ነው፣ ከምግብ በኋላ አይደለም እያልኩ ሳስረዳ የውጭው በር ሲከፈት ሰማሁ። ያ በር በራሱ የሚከፈት የመስታወት በር ነው። ተከፈተ፤ የገባ ሰው ግን የለም። ሊዘጋ ጀመረ፣ እንደገና ተከፈተ። ደግሞ ሊዘጋ፣ ደግሞ ተከፈተ። ሰዉ መዞር ጀመረ። እኔም አንገቴን አስግጌ አየሁ።

ደፉ ላይ አንድ ሰው ቆሟል። ውጭው ፀሐይ ነው፣ ጃንጥላ ክንዱ ላይ አንጠልጥሏል። ብብቱ ሥር የጠመኔ ሳጥን። ዓይኑ መሬት ላይ። በሩ ግራና ቀኝ እየተንገላታበት እሱ ዝም ብሎ ይጠብቃል።

ክኒኑን አስቀምጬ ተነሳሁ። እጄን በጎኔ አደረግኩ። አሮጊቷ "ምን ሆንሽ የእኔ ልጅ?" ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። እሱ ቀና አለ፣ ከሻምፑው መደርደሪያ እስከ ባንኮኒው ወረፋውን በሙሉ አየ፣ ገባ። ፊቴ መጥቶ ቆመና ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረ።

"ሲት ዳውን።"

ለመቀመጥ ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ባንኮኒውን በሁለት እጄ ይዤ እልልታዬን ለቀቅኩት። አለቃዬ ከውስጥ እየሮጠ ወጣ። እኔ አላቆምኩም፤ የኬረላው ሰው ጃንጥላውን ደረቱ ላይ አቅፎ እንባው ይወርዳል፣ ወረፋው ያጨበጭባል፣ በሩ አሁንም ይከፈታል ይዘጋል።